ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ካሴት

መስከረም 14

ለእትዬ ሴንትራል፣

አስቀድሜ ይቅርታ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ልመልስ ብዬ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር ወይ የሆስፒታል ቀኔ ነው፣ ወይ የሆስፒታሉ ማግስት ነው። ከኩላሊት ማሽን የተነሳ ሰው ደግሞ በማግስቱ ለብዕር የሚሆን ጣት የለውም። እንዲያው በደፈናው አለሁ። ምራቴ ጨው የሌለው ምግብ ታበላኛለች፣ እኔም ጨው የሌለው ቀልድ እነግራታለሁ፤ ተቻችለን እየኖርን ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ጎረቤቶችሽ እውነታቸውን ነው፣ ድምጹ ያስጠላል። ግን ባልሽ ካርታ ካሴቱን ሲያስጮኸው ቴፑ ተበላሽቶበት አይደለም። ያ ጩኸት ጨዋታው ራሱ ነው። ግራጫዋ ኮምፒውተራችን እንደ ዛሬዎቹ ያሰበችውን በውስጧ የምታስቀምጥበት የላትም። ያሰበችውን ሁሉ ድምጽ አድርጋ በቴፕ ትቀዳዋለች፣ መልሰው ሲያሰሟት ደግሞ ታስታውሰዋለች። ቴሌቪዥኑ ላይ መስመር በመስመር የሚሳለው ወንዝ የሚወጣው ከዚያ ጩኸት ውስጥ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ድምጽ በሽቦ ስታሻግሪ ኖረሽ፣ ይኼ ይጠፋሻል ብዬ አላምንም።

ልጅሽ «ስልኬ ላይ ስንት ጨዋታ አለ፣ ለምን እሱን አይጫወትም?» አለች ብለሻል። የግራጫዋ ጨዋታ ሌላ ማሽን ላይ አይሠራም፣ የሌላውም እሷ ላይ አይሠራም። የሠራት ፋብሪካ ስሟን ሰው ሳይለምደው ተዘጋ። መንገድ መሥሪያ ቤታችን የገዛቸውን ወደ መጋዘን ሲጥል አንዷን እሱ ካርታ ከሚስልበት ክፍል፣ አንዷን እኔ የጽሕፈት መኪና ከምጠግንበት ክፍል ታቅፈን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ግራጫ አለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እሱ ከኔ በቀር የሚጫወተው ሰው የለውም፣ እኔም ከሱ በቀር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ወንዝ አለ። ወዲህ ማዶ የኔ መንደር፣ ወዲያ ማዶ የሱ። በየተራ ቤት እንሠራለን፣ ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ጎተራ እናቆማለን፤ ጎርፉ ሲያልፍ የተረፈንን እናያለን። ተራውን የጨረሰ በካሴት ቀድቶ ለሌላው በፖስታ ይልካል። ድልድይ ግን ለብቻ አይሠራም። ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ ነን የምንሠራው፣ ትይዩ ካልሆነ ደግሞ አይገጥምም። እሱ ከላይ ወንዙ ከሚጠብበት ይሁን ይላል፣ እኔ ከታች ከሜዳው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱ ከላይ ግማሽ ድልድይ ሠርቶ ተቀመጠ፣ እኔ ከታች ግማሽ ድልድይ ሠርቼ ተቀመጥኩ። የኔ አንዲት ሳንቃ ትቀረዋለች፤ እሷን የማኖራት እሱ ያመነ ቀን ነው ብዬ ምያለሁ። በዚህ ክርክር ሸበትን፣ እስካሁን አንድም ሰው አልተሻገረም።

በዚህኛው ካሴት ላይ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ጎተራውን ከኮረብታው አውርዶ ወንዙ አፋፍ ላይ አቁሞታል። ጎርፍ የት ድረስ እንደሚመጣ ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ አያደርግም። ካሴቱ ሲነበብ ተሳስቶ መሆን አለበት። እባክሽ የቴፑን ክዳን ክፈችና ሄዷን፣ ካሴቱ ላይ የምታርፈውን ያቺን ትንሽ ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊልኝ። ለሱ ደግሞ ሪባን በጎተራህ ስቋል በይው። አንቺ ለምን እንደማትደውይ፣ ካርታም በባልደረባችን ልጅ ሠርግ ላይ ለምን አልታየም ብሎ ሰው ጠይቆኛልና ጤናው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሪባን

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለሪባን፣

ጨው የሌለው ቀልድህ ደርሶኝ አስቆኛል። ሄዷን ጠርጌያታለሁ፣ ጥጡ ጠቁሮ ነው የወጣው። ካርታ አጠገቤ ቆሞ «የቆሸሸውስ የሪባን ቴፕ ነው፣ ጣቱን አታውቂውም እንዴ» ይለኝ ነበር። የጽሕፈት መኪና ቀለም ከጣትህ የማይለቅበትን ዘመን ማለቱ ነው። ያን ስም ማን እንዳወጣልህ መቼም አትረሳውም።

ለምን አትደውይም ላልከው፣ የሰው ወሬ ሳገናኝ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ስልክ ሲጮህ መላ ሰውነቴ ይቆጣ ጀመር። ደግሞ እናንተ ስልክ ላይ የምታወሩትን አውቀዋለሁ። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ አንተስ፣ ደህና። ከዚያ ዝም። ደብዳቤ ጻፍለት ስለው ደግሞ «የምለውን ካሴቱ ላይ ብያለሁ» ይለኛል። እኔ ጸሐፊያችሁ ሆኜ ቀረሁ።

ስለ ጤናው ደህና ነው። ትንሽ ይደክመዋል እንጂ ሌላ የለበትም። ፖስታ ቤት የምሄደው አሁን እኔ ነኝ፣ ደረጃው ስለሚበዛበት። የባልደረባችሁ ልጅ ሠርግ ላይ ለምን አልታየም ብሎ ሰው ጠይቆሃል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ወጥቶ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ተመለስን። ጫማው ጠቦት ነው፣ እግሩ ያብጣል። ይኸው ነው።

በጎተራው እንደሳቅክ ነገርኩት። አየት አደረገኝና «የትኛው ጎተራ?» አለኝ። ሲቀልድ ነው።

አዲሱን ካሴት አብሬ ልኬያለሁ። አንተም አንድ ቀን መጥተህ ብታየው ምናለ? ከጨው ተጠንቀቅ፣ ምራትህን እሺ በላት።

ሴንትራል

ኅዳር 20

ለእትዬ ሴንትራል፣

ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ደብዳቤ እባክሽ ቀደሽ ጣይው። ለሱም አንብበሽለት ከሆነ ሪባን ያን ቀን ደሙ ፈልቶ ነበር በይልኝ። እንዲህ ያለ ቃል ለሱ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ምን ያናድደው ነበር ብለሽ እንዳትገረሚ። ካሴቱን ሳስገባ ካርታ ግማሽ ድልድዩን አፍርሶታል። ያን ሁሉ ዓመት ሲሟገትለት የኖረውን። ባፈረሰው ሳንቃ ደግሞ ጉድጓድ ሠርቶበታል፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ፣ ከሱም አጠገብ ሌላ። ሰው አጠገብ ለአጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ምን ያደርጋል? አኩርፎ ጨዋታውን ሊያበላሽብኝ ነው አልኩና ያን ሁሉ ዘላበድኩ። በኋላ ግን ረጋ ብዬ ሳስበው እሱ አኩራፊ አይደለም። አኩራፊው እኔ ነኝ።

አሁን ያገኘሁት መላ ይኼ ነው። ከሄዷ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ሄዷ ከዘመመች የካሴቱ ድምጽ ይደፈናል፣ ግራጫዋም አጥርታ አትሰማም። ካሴቱን እያጫወቱ ብሎኗን በትንሽ ካቻቢቴ ጸጉር ታህል ማዞር ነው፤ ጩኸቱ ስል ሲል ማቆም። ይኼን ሥራ ካርታ ከኔ ያስከነዳል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የሱን የሚያህል ጆሮ አላየሁም። ካቻቢቴውን ስጪውና ለብቻው ተይው፤ ሲሠራ ሰው ከቆመበት ይበሳጫል።

መጥተህ ብታየው ምናለ ብለሻል። እዚህ ያሰረኝን ማሽን ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን ብዘል እግሬ ያብጣል፣ ሁለት ብዘል ትንፋሽ ያጥረኛል። እናንተ ከተማ ደግሞ ማሽኑ የለም፣ መንገዱም ረጅም ነው። ልጄን ለምኜው ነበር፣ ፊቱን አዞረብኝ። ለመሆኑ ደህና ከሆነ ለምን መጥተህ እየው ትይኛለሽ? እኔ ማሽን ነው እያልኩ ነው፣ አንቺም ማሽን ነው በይኝ።

ሪባን

ታኅሣሥ 16

ለወንድሜ ለሪባን፣

ደብዳቤህን ቀድጄዋለሁ። አላነበብኩለትም፣ አይዞህ።

ማሽኑ ነው። እንዳልከው ካቻቢቴውን ሰጠሁትና ወጣሁ። ጠዋት ያንተን ካሴት አስገብቶ ተራውን ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ ነው ብሎኗ ላይ የተቀመጠው። ልብስ አጥቤ አስጥቼ ስመለስም እዚያው ነበር፣ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «አሁን ሰማሁት» አለኝ። ተራውን ቀዳው፣ መልሶ አስገባው፣ ምንም ሳይስት ገባ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቻለሁ። ካሴቱ ይኸው።

ለምን ና አልሽኝ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሰው ናፍቆኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። አንዳንዱን ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ይሻላል። ባለፈው የታችኛውን ፎቅ በር በኛ ቁልፍ ልክፈት ብሎ ሲታገል የቤቱ ባለቤት እጁን ይዛ አመጣችልኝ። ፎቅ የማይሳሳት ማን አለ? እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንተ ስለ ራስህ አስብ። ደምህ ሲታጠብ ይበርደኛል ብለህ ነበርና ሹራብ ጀምሬልሃለሁ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረኝ።

ሴንትራል

ጥር 11

ለእትዬ ሴንትራል፣

ካሴቱ አልገባም።

ሄዴን ጠረግኩ፣ ቴፕ ቀየርኩ፣ የልጄን ቴፕ ተዋስኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚመጣው ጭረት ብቻ ነው። ጩኸቱን ስሰማው ደግሞ ድፍን ያለ ነው፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው።

የሆነው ምን መሰለሽ? ካርታ ብሎኗን ያዞራት ወደ ልኳ አይደለም፣ ከልኳ እያራቀ ነው። ሄዷ ዘምማለች። በዘመመ ሄድ የተቀዳ ካሴትን የሚያነበው ያው የዘመመው ብቻ ነው። ለዚህ ነው የሱ ግራጫ የራሱን ቃል ሳትስት የሰማችው። እኔ ግን አልሰማውም። የኔንም ካሴት ከእንግዲህ እሱ አይሰማም። እባክሽ ብሎኗን ወደ ነበረችበት መልሻት፤ ያንቺ ጆሮም ቢሆን የስልክ ቤት ጆሮ ነው።

እትዬ፣ ከዚህ በላይ ልዋሽሽ አልችልም። ማሽኑ አልነበረም። ጎተራውን ያየሁ ዕለት ልቤ ነግሮኛል። ካሴት ሲሳሳት እንዴት እንደሚሳሳት አውቃለሁ። መስመር ይዘላል፣ ፊደል ይበትናል፣ ሥዕሉን ያጨማልቃል። ጎተራ ከኮረብታ አውርዶ፣ ጣሪያውን አስተካክሎ፣ ወንዝ አፋፍ ላይ አያቆምም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብቻ ነው። አውቄ ነው አልኮልና ጥጥ ያስያዝኩሽ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው።

አንቺም ጫማው ጠቦት ነው አትበይኝ። ግልጹን ጻፊልኝ። መምጣት አልችልም፣ ቢያንስ ልወቀው።

ሪባን

ጥር 27

ለወንድሜ ለሪባን፣

እሺ።

ሐኪሙ የሚመለስ አይደለም ብሎናል። መድኃኒት ሰጥቶናል፣ እሱም ማዘግየት ካልሆነ አያድነውም አለ። ቀስ እያለ ነው፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። ከጎተራህ በፊት ነው የጀመረው። የሠርጉ ቀን ጫማው አልጠበበውም። የማን ሠርግ እንደሆነ ጠፍቶበት፣ ሰው ሁሉ ሲስመው ደንግጦ፣ በር ላይ አለቀሰ። እጁን ይዤ መለስኩት። ልጃችንን «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ አይጠሩሽም?» ይላታል። ወጥ ቤት ገብታ አልቅሳ ትወጣለች። አንተ ታመሃል፣ በዚያ ላይ ይኼን ልጨምርብህ አልፈለግኩም። ስትቆጣም ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ብሎኗን መልሺ ላልከኝ ሞክሬያለሁ። ካቻቢቴውን ሳነሳ አየኝና ከእጄ ወስዶ ደረቱ ላይ ያዘው። «አሁን ገና ሰምቼው» አለኝ። ተውኩት። ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ ነው የሚውለው።

ግራጫዋን አልረሳትም። አንተንም አልረሳም። በየማለዳው ያንን ካሴት ያስገባል፣ ወንዙ ሲመጣ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፣ «ሪባን መለሰ?» ይለኛል። መንገድ ላይ ነው እለዋለሁ። ተራው ያንተ ስለሆነ ምንም አይነካም፣ ዝም ብሎ ያያል። ትናንት ያንተን መንደር መስታወቱ ላይ በጣቱ እየነካ «እዚህ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። «ታዲያ ለምን አይንቀሳቀስም?» አለኝ።

ወንድሜ፣ እኔ ሰውን ከሰው ሳገናኝ የኖርኩ ነኝ። አንዱ መስመር ቢበላሽ በሌላ እዞር ነበር። ይኼኛው አቃተኝ። ምን ላድርግ?

ሴንትራል

የካቲት 15

ለእትዬ ሴንትራል፣

እሱ ወደ ልኩ ካልተመለሰ እኔ ወደሱ ሄጃለሁ።

የካርታን ካሴት አስገባሁና የራሴን ብሎን ያዝኩ። ልጄ «አባዬ፣ ተው፣ እሷን ካዞርክ የድሮዎቹ ካሴቶችህ በሙሉ አይነበቡልህም» አለኝ። እውነቱን ነው። መደርደሪያው ሙሉ ካሴት አለኝ፣ ከካርታ ጋር የተጫወትነው ሁሉ፣ ጎርፉም፣ ጠቡም። በኋላ መልሼ አዞራታለሁ እንዳልል እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ ያገኘሁትን ቦታ ሁለተኛ አላገኘውም። ቢሆንም አዞርኳት። ድምጹ መጀመሪያ ጭራሽ ጠፋ፣ ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው እየጠራ እየጠራ መጣ። ስል ሲል እጄን አነሳሁ። ወንዙ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ተሳለ። ልጄ ትከሻዬን ይዞ ቆሞ ነበር።

ካርታ ምን እንደሠራ ልንገርሽ። ጎተራውን አፍርሶታል። ጉድጓዶቹን ደፍኗቸዋል። ቤቶቹ ግማሽ በግማሽ የሉም። በዚያ ሁሉ ዕቃ አንዲት መንገድ ቀጥ አድርጎ ወደ ወንዙ አውርዶ፣ መጨረሻዋ ላይ ግማሽ ድልድይ ሠርቷል። ከላይ ከጠባቡ አይደለም። ከታች፣ ከሜዳው፣ ከኔ ግማሽ ትይዩ። ያን ሁሉ ዓመት የተከራከርንበትን ረስቶታል፣ እና እኔ ባልኩት ቦታ ሠራልኝ። አሸነፍኩት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ለጠላቴም አልመኝለትም። ተነስቶ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት ብዬ አለቀስኩ፣ ከልጄ ፊት፣ አላፈርኩም።

የቀረችኝን ሳንቃ አኖርኳት። ገጠመ። ሰዎቹ፣ ታውቂያቸዋለሽ፣ ነጥብ የሚያህሉት፣ ወዲያና ወዲህ መሻገር ጀመሩ። በዘመመችው ሄዴ ቀድቼ ይኸው ልኬያለሁ፣ ይገባለታል። ከምራቴ የጥፍር ቀለም ለምኜ አንድ ጠብታ ብሎኗ ላይ አድርጌ አድርቄያታለሁ፣ ከእንግዲህ አትንቀሳቀስም። አንቺም እሱ ሲተኛ በሱ ብሎን ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ከዘመምን ይበቃናል።

ሪባን

መጋቢት 12

ለወንድሜ ለሪባን፣

ገባ። ካሴቱን እጄ ላይ ሲያየው «አላልኩሽም?» ብሎ ነጠቀኝ። ወንዙ መጣ፣ ድልድዩ መጣ፣ ሰዎቹ ተሻገሩ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። እንዴት እንደሚስቅ ታውቃለህ፣ ወንበሩን እስኪያንቀጠቅጠው። «አየሽው ይኼን ግትር?» አለኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ሲያለፋኝ ኖሮ በመጨረሻ እኔ ካልኩት ቦታ ላይ ሠራው። ተሸነፈ!»

ሪባን፣ ክርክሩን አልረሳውም። የጠፋበት የትኛው ቦታ የማን እንደነበር ነው።

ወርዶ ለታችኛዋ ጎረቤት ነገራት። ለልጃችን ነገራት፣ ስሟን ጠርቶ። ስሟን ከጠራት ስንት ጊዜው ነው፣ እሷም ያለቀሰችው ለድልድዩ መስሎት «አይዞሽ፣ ሪባን አይከፋውም» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እሱስ አምኗል? ጽፏል?» አለኝ። «ያንተ ቦታ የላይኛው ነበር» ልበለው? ወይስ ልተወው? ውሸት ደግሞ አልወድም፣ ከአንተ ጋር ስንዋሽ የት እንደደረስን አይተነዋል። ይኼ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፣ አንተ ፍረድ። በማግስቱ ረስቶት ካሴቱን እንደገና አስገባ፣ እንደገና ሳቀ፣ እንደገና ጽፏል ወይ አለኝ።

ሹራቡ አልቋል፣ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ሴንትራል

መጋቢት 30

ለእትዬ ሴንትራል፣

ሹራቡ ልኬ ነው። ለብሼው ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ የሆስፒታል ቀኔ ስለሆነ ልጄ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል፣ አላረዝምም።

አትንገሪው። ውሸት እንዳይሆንብሽ ደግሞ በኔ እጅ ይኸው፣ ይኼን ቆርጠሽ ያዢው፦

እኔ ሪባን፣ ድልድዩ መሠራት ያለበት ካርታ ባለው ቦታ እንደነበር፣ እስከ ዛሬ የተከራከርኩት በግትርነቴ እንደሆነ አምኛለሁ። ተሸንፌያለሁ።

ጠዋት ጠዋት ካሴቱ ሲገባ አንብቢለት። በማግስቱ ቢረሳው አትዘኚ፣ እንደገና ያሸንፈኛል። አንድ ቀን ሪባን ማነው ያለሽ እንደሆነ ደግሞ ከወንዙ ወዲያ ያለው ሰውዬ ነው በይውና አንብቢለት።

በዚህኛው ካሴት ላይ ከድልድዩ አጠገብ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሠራሁት፣ ተራዬን ጨርሻለሁ። ተራው የሱ ነው።

ሪባን